ከመቃብር የተመለሱ ድንጋዮች

«ሁለት የውሃ አባቶች ነበሩ» አሉ የኔታ ልሳኑ። ጠያቂው ቢሻው ነው፤ የድሮ ተማሪያቸው፣ አሁን የወረዳ ምክር ቤት አባል። ዐሥር ዓመት በምክር ቤቱ አብሮት የሠራው ወንድይራድ ሞቶበት፣ በአርባው በምክር ቤቱ ጉባኤ ፊት እንዲናገር ታዟል። «የኔታ፣ ስንጨቃጨቅ የኖርን ሰዎች ነን፤ ምን ብዬ ላመስግነው?» ነበር ያለው። የኔታም ቀጠሉ።

የአንደኛው ማሳ ከቦዩ ራስጌ ነው፤ የሌላው ከግርጌ። ሥራቸው የተጠለፈውን ወንዝ በበጋ ለየማሳው ማዳረስ ነው። አንድ ቀን ተስማምተው አያውቁም። የግርጌው «ውሃው እኩል ይከፈል» ሲል፣ የራስጌው «መጀመሪያ ያገኘው ይጥገብ፤ የተረፈው ይውረድ» ይላል። የግርጌው እልኸኛ ነበርና ከገደል ሥር አምስት ጠፍጣፋ ድንጋዮች በጫንቃው አምጥቶ ከቦዩ መሐል ተከላቸው። ከዚያ ወዲህ ውሃው ለሁለት እየተከፈለ እታች ደረሰ። የራስጌው ሰው ሦስት ዓመት አኮረፈ። ኋላ የታችኛው መንደር በበጋ ድንች ሲያወጣ አይቶ ዝም አለ። ለካ ዝምታ ምስጋና አይሆንም፤ ይህ የገባው ግን ዘግይቶ ነው።

የግርጌው ሰው ሞተ። አገሬው አምርሮ አለቀሰለት። «የእንዲህ ያለ ሰው መቃብር በተራ ድንጋይ አይከበብም» ተባለ። ለአርባው የሚያምር ድንጋይ ቢፈለግ ከነዚያ ከአምስቱ የሚበልጥ ጠፋ። «ራሱ በጫንቃው ያመጣቸው ናቸው፤ ለእሱ ይገባሉ» ብለው ከቦዩ ነቅለው መቃብሩ ላይ ተከሏቸው። ትልቁን የተሸከመው የራስጌው ሰው ነበር። ያከበረው መስሎታል።

በሳምንቱ ቦዩን ሊያይ ወጣ። ውሃው ሁሉ እሱ ማሳ ገብቶ ተኝቷል። ደንግጦ ወደ ታች ቢወርድ የሟቹ ሚስት ከደረቀው ቦይ አፍ ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ ምነው?» አላት።

«ምን እላለሁ ወንድሜ! መቃብሩስ አማረ፤ ድንቹ ጠወለገ እንጂ።»

እፍረት አንገበገበው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ እያየ፣ ወደ መቃብሩ ሄዶ የመጀመሪያውን ድንጋይ ነቀለ። ሰው ጮኸ። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል!» አለ አንዱ። «በቁሙ ሲጣላው ኖሮ፣ ሞቶም አላስተኛው አለ!» አለች ሌላዋ። አንድ ሽማግሌ መቋሚያ አነሡበት። እሱ ድንጋዩን ተሸክሞ ወደ ቦዩ ወረደ። ተመልሶ ሁለተኛውን አነሣ። ሦስተኛው ላይ ወገቡ ዛለ፣ እጁ ደማ፤ ስድቡም አላባራም። አራተኛው ትልቁ ነበር። ሊያነሣው ጎንበስ ሲል የሟቹ ሚስት የኀዘን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በወዲያ በኩል ያዘችለት። ያን ጊዜ ጩኸቱ ቆመ። አምስተኛውን ቅድም የሰደበው ሰው አመጣው።

ውሃው ተከፍሎ ቁልቁል ወረደ። መቃብሩ ባዶ አፈር ሆኖ ቀረ። የራስጌው ሰውም ላቡን ጠርጎ፣ ወደ መቃብሩ ዞሮ፣ ሁሉም እየሰማ «ልክ ነበርክ» አለው። በሕይወቱ ሳለ አንድ ቀን ያላለውን።

የኔታ እዚህ ላይ ቢሻውን አዩት። «ወንድይራድ ዕድሜውን ሲሟገትለት የኖረው የታችኛው መንደር ድልድይ፣ በዚህ ጉባኤ ይታያል ተብሎ አልነበረም?»

«ነበረ፣ የኔታ። ለኀዘኑ ክብር ሲባል ለከርሞ ተላለፈ።»

«ማነው ይተላለፍ ያለው?»

ቢሻው አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ልጄ፣ የራስጌው ሰው አንተ ነህ። ሳታውቀው ትልቁን ድንጋይ ከቦዩ አንሥተህ መቃብር ላይ ጭነሃል። ንግግር አትጻፍለት። ሂድና ድልድዩን ለዚሁ ጉባኤ መልሰው። በኀዘን ቀን ክርክር አነሣ ብለው ይሰድቡሃል፤ ተሰደብ፣ ተሸከም። ድልድዩ ሲጸድቅ ተነሥና ሁሉም እየሰማ ‹ልክ ነበርክ› በለው። ለወንድይራድ ይህችው ትበቃዋለች።»