ምንቃሩ የታሰረው በቀቀን

አንድ ጊዜ፣ በወንዝ ዳር ካለ የዝግባ ጫካ አጠገብ፣ ውርንጭላዋን ጅብ የበላባት አንዲት አህያ ትኖር ነበር። ጅቡ በመጣ ቀን ባሏ ከአጠገቧ ነበር፤ በኋላ ግን ወንዙን ተሻግሮ ሲሮጥ ነው የታየው። ጎረቤቶቿ «ያህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲሉ ድምፃቸውን አልቀነሱም። አህያዋም ባሏን ዳግመኛ ወደ ግጦሿ አላስጠጋችውም። «ልጁን ጥሎ የሸሸን ፊት አላይም» አለች፤ እርሱ በማዶ፣ እርሷ በወዲህ ኖሩ።

በክረምቱ መጨረሻ ነፋስ አንድ ያረጀ ዝግባ ጣለ። በግንዱ ሽንቁር ከነበሩት የበቀቀን ጫጩቶች የተረፈው አንዱ ብቻ ነው። እርሱም ክንፉ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ስለ ዳነ መብረር አልቻለም። አህያዋ ስትግጥ አገኘችውና አንገቷን ዝቅ አደረገችለት። ጋማዋን በምንቃሩ ይዞ፣ እየተሳበ ወጣና ትከሻዋ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ትከሻዋ ሆነ፤ «እማዬ» ይላትም ጀመር።

የበቀቀን ነገር እንዲህ ነው። ምንቃሩ አፉ ብቻ አይደለም፤ እጁም ነው። ቅርንጫፍ ላይ ከመቆሙ በፊት ይሸከመኝ ይሆን ብሎ በምንቃሩ ይሞክረዋል። የማያውቀውን ነገር በምንቃሩና በምላሱ ይዳስሳል። የወደደውንም ቀስ አድርጎ ይቆነጥጣል። አህያዋ ይህን አታውቅም። በእርሷ አገር አፉን በሌላው ገላ ላይ የሚያሳርፍ እንስሳ ሐሳቡ አንድ ነው።

ስለዚህ ትንሹ በቀቀን መጀመሪያ ጆሮዋን በያዘ ጊዜ አናፋች። ዘለለች፣ ዞረች፣ ጭራዋን አወናጨፈች። በቀቀኑ እንዲህ ያለ ትርኢት አይቶ አያውቅም።

«እማዬ፣ ድገሚው» አለ።

«ምኑን ነው የምደግመው? ነከስከኝ እኮ።»

«ያዝኩሽ እንጂ መች ነከስኩሽ። አሁንም ልያዝሽ፣ አንቺ ደግሞ ዝለይ።»

ያዛት፤ ዘለለች። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። እርሷ ባናፋች ቁጥር ጨዋታው ይደምቅለታል፤ ጨዋታው በደመቀ ቁጥር ቁንጥጫው ይጠብቃል። የጆሮዋ ጫፍ ቆሰለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ለምለም ሣር አግኝታ ስትግጥ ያዛት። አፏ ሙሉ ስለ ነበር አላናፋችም፤ አልተነቃነቀችምም። በቀቀኑ ጥቂት ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ጆሮዋን ለቀቀና በአጠገቡ የነበረ የዋንዛ ቀንበጥ ይልጥ ጀመር።

አህያዋ ይህን ልብ አለች። ከዚያ በኋላ ጠበቅ አድርጎ ሲይዛት ሳትጮህ ጉቶ ላይ ታወርደዋለች፤ ፊቷን ታዞርበታለች፤ ሲረጋጋ የሚልጠው ቀንበጥ ሰጥታ መልሳ ትሸከመዋለች። ቁንጥጫው እየላላ መጣ። ሌላም ነገር አየች። በእውነት ሲፈራ የማጅራቱ ላባ ይቆማል፤ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ይሰፋል። በዚያን ጊዜ ከተውት ማንንም አይነካም። ደግሞም ከኋላዋ እንግዳ ነገር ሲመጣ ጆሮዋን ፈጠን ፈጠን አድርጎ ይቆነጥጣታል። አንድ ምሽት ጅብ በቁጥቋጦ ሥር እየተሳበ ሲመጣ ያ ቁንጥጫ አስፈተለካት፤ ጅቡም ባዶ አፉን ተመለሰ።

ጅቡ ነገሩን ለቀበሮ ነገረው። ቀበሮ ጅብ የጣለውን አጥንት እየለቀመ የሚኖር ነውና የጅቡ ጾም የእርሱም ጾም ነበር።

«ወፉ ዓይን አለው» አለ ጅብ።

«ዓይኑ ምን ያደርጋል፤ ነገሩ ምንቃሩ ነው።»

«ልብላውና ይለቅልን?»

«በአንድ ጉርሻ ላባ በጋውን ልትወጣ ነው? ተው፣ ለጥቂት ቀን ጨዋ ምሰል።»

«ጨዋ እንዴት ነው የሚመስለው?»

«አፍህን ዝጋ» አለ ቀበሮ። «ከዚያ ይጀመራል።»

እንስሳቱ ውኃ ለመጠጣት በሚሰበሰቡበት መልካ ቀበሮ አህያዋን ጠብቆ አገኛት። ጅብም አፉን ዘግቶ ከጎኑ ቆሟል።

«እትዬ አህያ፣ እንደምን ዋልሽ? ጆሮሽን ምን ነካው?»

«ልጄ ሲጫወት ነው። አሁን ትቶታል።»

«ልጇ» አለ ቀበሮ ውኃ ሊጠጡ ወደ መጡት ዝንጀሮዎች ዞሮ። «ዛሬ ጆሮ የቆረጠ ነገ ዓይን ያወጣል። እስቲ የተቀጣ ልጅ ከሆነ ታላላቆቹን ሰላም ይበል። አያ ጅቦን ይሳመው።»

«ጅብ የሚስም ወፍ ካለማ እኛም እንሰለፋለን» አለ አንዱ ዝንጀሮ፤ የቀሩትም ሳቁ።

አህያዋ አፈረች። አንድ ልጇን ማዳን ያልቻለች ተብላለች፤ አሁን ደግሞ ሁለተኛውን መቅጣት ያልቻለች ልትባል ነው። የበቀቀኑ የማጅራት ላባ ቆሟል፤ ብሌኑ ይጠባል፣ ይሰፋል። አየችው። አይታም ትከሻዋን ወደ ጅቡ አፍንጫ አስጠጋች።

«እማዬ፣ አልፈልግም።»

«ሳመው አልኩህ። በሰው ፊት አታሳፍረኝ።»

ጅቡ አፍንጫውን አስረዘመ። በቀቀኑ የሚሸሽበት አልነበረውምና በአጠገቡ ያገኘውን ነከሰ። ያገኘው የአህያዋን ጆሮ ነበር። ደሟ መልካው ውስጥ ተንጠባጠበ።

«ይህ የዳኛ ነገር ነው» አለ ቀበሮ።

«ለዳኛ ይሁን» አለች አህያዋ፤ ተናዳለች።

ችሎቱ በአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተሰየመ፤ ዳኛው አንበሳ፣ ነገረ ፈጁ ቀበሮ። በዚያ አገር ወግ የተፈረደበት ሁሉ ፍርዱ መፈጸሙን የሚያይለት ዋስ ይጠራል።

«በላ ልበልሃ» አለ ቀበሮ። «አፍህን በእናትህ ጆሮ ላይ አሳርፈሃል ወይስ አላሳረፍክም?»

«አሳርፌያለሁ። ታዲያ በምን ልያዛት?»

ችሎቱ ሳቀ።

«እግር የለህም እንዴ?» አለ አንበሳ።

«በእግሬ እቆማለሁ፣ ጌታዬ። ስትንቀሳቀስ የምይዛት በአፌ ነው።»

«ራሱ አመነ» አለ ቀበሮ። «ምስክር አላስቸግርም።»

አንበሳው ወደ አህያዋ ዞረ። «አንቺስ የምትጨምሪው አለሽ?»

የምትጨምረው ነበራት። ላባው ሲቆም አይታለች፤ ያስጠጋችውም ራሷ ናት። ይህን ብትናገር ግን ጥፋቱ ወደ እርሷ ይዞራል፤ ዝንጀሮዎቹም ከሾላው ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ጆሮዎቿን ጥላ ዝም አለች። ችሎቱም ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረው።

ምንቃሩ በልጥ ይታሰር፤ ለመብልና ለመጠጥ ብቻ እናቱ ትፍታው ተባለ። ዋስ ሲጠራ ለወፍ የሚቆም አልተገኘም።

«እኔ እሆናለሁ» አለ ጅብ። «በየምሽቱ እየሄድኩ ቋጠሮውን አያለሁ።»

አንበሳው ትንሽ አሰበ። «ጅብ አህያ ቤት በየምሽቱ?»

«የድሮው ቂም ይበርዳል፣ ጌታዬ» አለ ቀበሮ። ነገሩ እርቅ ይመስል ስለ ነበር ጸደቀ።

ከዚያ ወዲያ በቀቀኑ ማንንም አልነከሰም። ጎረቤቶቹ «ጨዋ ወጣው» አሉ። የሆነው ግን ይህ ነው። ወደ ጆሮዋ መውጣት ተወ። ላባውን ማቆም ተወ። ምንቃሩ ሲፈታለትም ቀንበጥ አይልጥም፤ የገዛ ደረቱን ላባ እየነቀለ ይጥላል። ደረቱ ተራቆተ። «እማዬ» ማለትም እየቀረ ሄደ። አህያዋ መሬት ላይ የወደቀውን ላባ እያየች «ይለምደዋል» ትላለች፤ በየማለዳውም ልጡን መልሳ ታስራለች።

ጅቡ በየምሽቱ ይመጣል። መጀመሪያ ከሩቅ ቆሞ ይጣራ ነበር።

«ቋጠሮው ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«የት ጋ ነበር?» ይላል የአህያዋን ታፋ እያየ።

«ምንቃሩ ላይ ነዋ፣ አያ ጅቦ።»

«እውነትሽን ነው። ምንቃሩ ላይ።»

በማግስቱ ትንሽ ይቀርባል፤ በሌላው ቀን ትንሽ ይጨምራል። አህያዋ ሽታውን ለመደችው። ሲመጣ ጆሮዋን ማቆም ተወች።

አንድ ምሽት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጅቡ ሳይጣራ በኋላዋ መጣ። በቀቀኑ አየው። በትከሻዋ ላይ እየተንገዳገደ ሄዶ፣ የታሰረ ምንቃሩን ጆሮዋ ላይ ደጋግሞ መታው። ልጡ ለስላሳ ነው፤ ምቱ ዝንብ ያረፈ ያህል ነበር።

«ተው» አለች ሳትዞር። «ያ አመልህ ተነሣ ደግሞ?»

ጅቡ ታፋዋን ያዘ። ረገጠችው። ሥጋዋ ተቦጭቆ አፉ ውስጥ ቀረ፤ እርሷ ግን አመለጠችና ወደ ወንዙ ጋለበች። የምትጋልብ አህያ ጀርባ ላይ ያለ ሁሉ የሚይዘው ይሻል። በቀቀኑ ጋማዋን ይይዝ የነበረው በምንቃሩ ነው።

ወንዙ መሐል ስትደርስ ትከሻዋ ቀለላት። የቀለላት ምን እንደ ሆነ ገባት። እግሮቿ ግን አልቆሙም።

ከማዶ ወጥታ ስትዞር ጅቡ ውኃው ውስጥ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በቀቀኑን ያኝካል። ብዙ አልቆየም። የቀድሞ ባሏ እዚያው ዳር ሣር ይግጥ ነበር፤ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያም ደም የሚወርደውን ታፋዋን አየ።

«ያን ጊዜ የእኔም እግር አልቆመም» አላት።



አቤቱታዋን ለችሎቱ አቀረበች። አሁን ሁሉንም ተናገረች፤ ላባውን፣ ብሌኑን፣ ራሷ ማስጠጋቷን። ቀበሮ ሰምቶ ሲያበቃ ተነሣ። «ልጡ ከነቋጠሮው ተበልቷል» አለ። «እስከ መጨረሻው አልተፈታም ማለት ነው። ዋሱ ግዴታውን ተወጥቷል።» አንበሳው ሌላ ጉዳይ ጠራ።

አህያዋ ዛሬም በዚያ ወንዝ ዳር ትግጣለች። ስትግጥ አንዱን ጆሮዋን ወደ ትከሻዋ አዘንብላ ትይዛለች። የሚይዘው ግን የለም።

ከዚህ የምንማረው በጎረቤት ሳቅ አፍረን ያሰርነው አፍ የሚያስጠነቅቀን አፍ ሊሆን እንደሚችል፣ በጊዜው ያልተናገርነው እውነትም በኋላ ብንጮኸው የታሰረውን እንደማይፈታ ነው።