የሰካራም ሆድ

ምላሱ የሰላ አንድ ሾፌር የመንግሥት ምስጢራዊ ደብዳቤ ለማመላለስ አመለከተ። የአጣሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ጥላዬ ፋይሉን ገልጠው፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሰክሮ ሲነዳ መቀጣቱን ለአባላቱ ጮክ ብለው አነበቡ።

«የሰካራም ሆድ ምስጢር አይቋጥርም» አሉ። «ለመሆኑ ከማን ጋር ስትጠጣ ነበር?»

ሾፌሩ ቢናገር ምስጢር አባካኝ፣ ባይናገር ደባቂ ሊባል ነው።

«ተናገር እንጂ፤ አፍህን ምን ያዘው?»

ሾፌሩ ተነሥቶ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለና በሹክሹክታ፦ «ጌታዬ፣ ትራፊክ ፖሊሱም ‹ከኋላ ጫማውን አውልቆ የሚያንኮራፋው ማነው?› ብሎ አፋጦኝ ነበር። እንደዚያ ሰክሬ እንኳ ስምዎን አላወጣሁም። አሁን ግን ካዘዙኝ፣ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ» አላቸው።