ጭራዬን አልሸጉጥም ያለው ውሻ

ጆሮ ያላችሁ ቅረቡ፤ አፍንጫ ያላችሁ ትንሽ ራቅ በሉ። የማወራው ሽታ ስላለበት ጉዳይ ነው። የሚስቅ ካለ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ ኋላ መሐል ላይ እንዳያቋርጠኝ።

ድሮ፣ ሰውም እንስሳም ዕቃም በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት ዘመን፣ አያ ደለለኝ የሚባል በግ አርቢ ነበረ። ጃሎ የሚባል ቀይ ውሻም ነበረው። አንድ ቀን ነብር ወደ በጎቹ በረት ሊገባ ሲል ጃሎ በሩ ላይ ገጠመው። ነብሩ ጆሮውን ቀደደው፤ ጃሎ ግን በሩን አልለቀቀም። ነብሩ አንዲት ግልገል ሳይነካ እያነከሰ ተመለሰ።

አያ ደለለኝ ደስታው ልክ አጣ። ጎረቤቶቹን ሰብስቦ፣ እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ ማለ። "ከዛሬ ጀምሮ ጃሎ ደረቅ ነገር አይቀምስም! ገለባ ያለበት ቂጣ ለእሱ ነውር ነው! ጠዋት በቅቤ የራሰ ፍትፍት፣ ማታ በቅቤ የራሰ ፍትፍት! ይህን ባላደርግ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!"

እልል ተባለ። ጃሎም ጭራውን ቆላ። ፍትፍት ማን ይጠላል?

አንድ ወር በላ። ሁለት ወር በላ። በሦስተኛው ወር ከጭራው ሥር የሆነ ነገር ያሳክከው፣ ያቃጥለው፣ ይወጥረው ጀመር። ቢልሰው አልተወውም። ቢዞርበት አልደረሰበትም። በመጨረሻ መሬት ላይ ቁጭ አለና በፊት እግሮቹ እየሳበ መቀመጫውን ጎተተ። መቀመጫውን ያልኩት ልጆች ስላላችሁ ነው። ለጊዜው ቀለል አለው፤ ወዲያው ደግሞ ባሰበት። ሽታውም ተከተለ። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ የዋለ ዓሣ አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ይሻላል።

በዚያው ሰሞን የአያ ደለለኝ የማኅበር ተራ ደረሰ። ቤቱ በእበት ተለቀለቀ። ጃሎም ገና ባልደረቀው ልቅልቅ ላይ ከበር እስከ ምሰሶ ጎተተበት። አያ ደለለኝ መስመሩን አይቶ ጮኸ፦ "ይኼ ውሻ ጠግቦ ቀበጠ! እንግዳ ፊት እንዲህ ካዋረደኝ፣ እምላለሁ፣ ከዚህ ግቢ ይወጣል!"

ሰውየው መሐላ ይወዳል፤ ምን ታደርጉታላችሁ።

ጃሎ ይህን ሰማ። ከዚያ ግቢ ሌላ ቤት የለውም። እዚያ ተወለደ፤ ደሙም እዚያ ፈሰሰ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ነብሩን ሲገጥም እንኳ እንዲህ አልፈራም ነበር።

ድግሱ ሦስት ቀን ሲቀረው እመት ድመት መጣች። አፍንጫዋን በመዳፏ ይዛለች።

"ጃሎ፣ እኔን እይ" አለችው። "እኔ ጉዳዬን አፈር አልብሼ ነው የምሄደው። ጨዋ ጉዱን ይደብቃል። ጭራህን ሸጉጥ፣ ጓሮ ተኛ፣ ዝም በል።"

"አንቺ የምትቀብሪው ያለፈልሽን ነው" አላት ጃሎ። "የእኔ ገና ውስጤ ነው። ጭራዬን አልሸጉጥም፣ ያመመኝን አልደብቅም!"

ድግሱ ሁለት ቀን ሲቀረው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው አለንጋ ጠራው።

"ጃሎ፣ ስንት እምቢተኛ በሬ አስተካክያለሁ መሰለህ? ጠጋ በል። አንዴ ካረፍኩብህ ዳግመኛ አትጎትትም።"

"አንተ ጩኸት ታስቆም ይሆናል፣ ሕመም ግን አታስቆምም" አለው ጃሎ። "ጭራዬን አልሸጉጥም፣ ያመመኝን አልደብቅም!"

ድግሱ አንድ ቀን ሲቀረው አያ ጅቦ በአጥሩ ቀዳዳ አንድ ዓይኑን አስገባ። ጅብ በቀን አይወጣም ትላላችሁ። የተራበ ጅብ ፀሐይ አይፈራም።

"ወንድሜ ጃሎ!" አለ በለሰለሰ ድምፅ። "እኔም እሸታለሁ፤ ማን ተናገረኝ? ተዋቸው እነዚህን ንጹሖች። ወደ ገደሉ ና፤ እስክትጠግብ ጎትት፤ አንድ ሰው አይታዘብህም።"

ጃሎ ወደ ቀዳዳው ጠጋ አለ። ደክሞታል። የሚቀመጥበት አጥቷል፤ ቁጭ ሲል ይወጋዋል፣ ሲቆም ይወጥረዋል። አፍንጫውን ሳይዝ፣ ሳያስፈራራውም ያናገረው አያ ጅቦ ብቻ ነው። ከዚያ ግን ከኋላው አንዲት ግልገል "ባ!" አለች፤ የአያ ጅቦም ዓይን ወደ እሷ ሄደ።

"አሃ!" አለ ጃሎ። "አንተን ያሳሰበህ የእኔ መቀመጫ አይደለም፣ የበጎቹ ላት ነው! ሂድ ከዚህ! ጭራዬን አልሸጉጥም፣ ያመመኝን አልደብቅም!"

"ነገ ሲያባርሩህ እናያለን" ብሎ አያ ጅቦ ቁጥቋጦ ሥር ተኛ።

የድግሱ ቀን ቄጠማው ተጎዘጎዘ፤ ጠላው ተቀዳ፤ ማኅበርተኛው ቤቱን ሞላው። ያን ጊዜ ጃሎ በበሩ ገባ። አልተደበቀም፣ አልሮጠም። እየተንገዳገደ መሐል ድረስ ሄደ፤ ጀርባውን ለጌታው ሰጠ፤ ጭራውን ወደ ላይ አቆመ።

"ኧረ ነውር!" አሉ የማኅበሩ ሽማግሌ አባ ጓንጉል፣ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ እየጠቀለሉ። "ደለለኝ፣ ይኼን ልታሳየን ነው የጠራኸን?"

የአያ ደለለኝ ፊት ፍም መሰለ። አለንጋውን ከግድግዳው መንጭቆ አወረደ። ጃሎ ግን ንቅንቅ አላለም።

"ጌታዬ" አለ፣ "ነብር ሲመጣ ፊቴን ሰጠሁ፤ እነዚህ ሁሉ አመሰገኑኝ። ዛሬ ያመመኝ ከኋላ ነው። የተቀደደ ጆሮዬን አይቶ እልል ያለ ሰው ሕመሜን ማየት እንዴት ያቅተዋል? ማባረር ካለብዎት ያባርሩኝ። ግን አይተው ያባርሩኝ!"

አባ ጓንጉል ጋቢያቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። ድመቷ እንኳ አፍንጫዋን ለቀቀች።

ያን ጊዜ ከበሩ ጥግ አንድ አሮጌ ጨርቅ ተናገረ። የእግር መጥረጊያ ነው፤ ማንም ስሙን ጠርቶት አያውቅም።

"ደለለኝ፣ እኔ ከአባትህ ኩታ የተቀደድኩ ነኝ" አለ። "የጃሎን አያት እንዲሁ አሟት ነበር። ከጭራ ሥር በግራና በቀኝ ባቄላ የሚያካክሉ ሁለት ከረጢቶች አሉ፤ ውሻ ሁሉ አለው። ገለባ የበላ ውሻ ሲጸዳዳ ኩሱ ጠንከር ስለሚል እነሱን ጨምቆ ያስወጣቸዋል። ፍትፍት ብቻ የበላውን ምን ይጭመቅለት? ሞልተው ይረጋሉ። ቢተዉት ደግሞ ያመረቅዛል። አባትህ ጎንበስ ብሎ በእጁ አወጣላት። ያን ቀን በእጁ የነበርኩት እኔ ነኝ።"

አለንጋው ከአያ ደለለኝ እጅ ወደቀ።

"የፍትፍቱ መሐላዬስ?" አለ ቀስ ብሎ። "በአባቴ አጥንት ምያለሁ እኮ።"

"አባትህ ቢያይህ የሚያዝነው መሐላህን ስላፈረስክ ነው ወይስ ጎንበስ ማለት ስላሳፈረህ?"

አያ ደለለኝ ማኅበርተኛውን አየ። ጃሎን አየ። ከዚያ እጅጌውን ጠቀለለ። "ሰው ሁሉ ይስማ! መሐላዬን አፍርሻለሁ! የሚወጋኝ ካለ ይውጋኝ!"

"ቶሎ በሉ እንግዲህ" አለ ምድጃው አጠገብ ያለው ሙቅ ውሃ፤ "ሳልፈላም ሳልቀዘቅዝም ነኝ።"

አያ ደለለኝ ጨርቁን ነክሮ ከጭራው ሥር ያዘለት። ደጋግሞ ነክሮ ደጋግሞ ያዘለት። እብጠቱ ለሰስ ሲል ጨርቁ "ከሥር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት። ቀስ። አትቸኩል፤ አባትህ አልቸኮለም" አለው። ጃሎ ሁለመናው ተንቀጠቀጠ፤ ጥርሱን ገለጠ፤ ግን አልነከሰም።

ከዚያ ወጣ።

እንዴት ያለ ሽታ እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ገና እራታችሁን ትበላላችሁ። አባ ጓንጉል ዋንጫቸውን ጥለው በጓሮ በር ወጡ። ማኅበርተኛው ሁሉ ተከተላቸው። ሽታውም አጥሩን ተሻግሮ ቁጥቋጦው ሥር ደረሰ።

"ጥንብ!" ብሎ አያ ጅቦ ዘለለ። "ጃሎን ገድለው ጣሉት! በጎቹ የእኔ ናቸው!" አጥሩን ጥሶ ገባ፤ ከጃሎም ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ። ጃሎ ሕመሙ ከጀመረው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልሎት፣ ጭራውን እንደ ባንዲራ አቁሞ ተነሣበት። እስከ ገደሉ አፍ ድረስ አባረረው። ሰዎች እንደሚሉት አያ ጅቦ ገደሉ ሲደርስም አላቆመም።

ጃሎ ሲመለስ ከአልጋው ሥር አንድ ዱባ አጉረመረመ። "እኔንስ ማን አስታወሰኝ? ቅቤውን አስቀሩበትና እኔን ቀቅላችሁ ከገለባው ቂጣ ጋር ስጡት። ያለዚያ የዛሬው ድግስ በየወሩ ነው።" እውነቱን ነበር። ከዚያ ወዲያ ጃሎ ዱባና ቂጣ በላ፤ መሬትም አልጎተተም። አያ ደለለኝም ያን አሮጌ ጨርቅ አጥቦ አለንጋው ተሰቅሎበት ከነበረው ቦታ ሰቀለው።

እሾሁም አልወጋውም። እኔ እንኳ እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ፤ ዳቦው ግን ደረቅ ይሁን። ይህንንም ያዙልኝ፦ ጀግናን በፊቱ የሚያመሰግን ሞልቷል፤ ወዳጅ የሚለየው ጭራ ሲነሣ ነው።