ግንቡን ያጠበው ሰው

ግራዝማች አንዳርጌ በእሳቸው ቤት ጉድለት አለ ሲባል መስማት አይወዱም ነበር። የልጃቸው ሠርግ ሲቃረብ የግንብ ቤታቸውን ውጭውን ኖራ ሊያስቀቡ ፈለጉ። ግንቡ የዓመታት ጭቃና ሻጋታ የለበሰ ስለ ነበር፣ ኖራው እንዲይዝ አስቀድሞ የሚያጥበው አንድ ጭሰኛ ተጠራ። ሰውየው ፈትጎ ፈትጎ ሲያጥበው፣ ከቆሻሻው ሥር ከጣሪያ እስከ መሠረት የወረደ ስንጥቅ ብቅ አለ።

ግራዝማች ወጥተው ሲያዩት ደማቸው ፈላ። «ቤቴ ደኅና ነበር፤ አጥበህ የሰነጠቅኸው አንተ ነህ። ወይ ግንቡን በራስህ ኪሳራ አፍርሰህ ትሠራልኛለህ፣ ወይ በሬዎችህን ታስረክበኛለህ» አሉት።

ያለ በሬ ገበሬ የለም። ስንቅ ያመጣችለት ሚስቱ ምላሱን ታውቀዋለችና፣ ዝም እንዲል በዓይኗ ለመነችው። እሱ ግን ከግራዝማች አጠገብ ወደ ቆሙት የንስሐ አባታቸው ዞረ።

«አባ፣ የግራዝማችን ኃጢአት እየሰሙ የሚያጥቡላቸው እርስዎ ነዎት አይደል?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ኃጢአቱንም የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

ቄሱ ደንግጠው አማተቡ። «ኧረ በስመ አብ፤ ያን ሁሉ እኔ?» አሉ ሳያስቡት።

ሎሌዎቹ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን አዞሩ። ግራዝማች ቄሱን ገላመጧቸው።

ሰውየው እጅ ነሣና «እንግዲህ ጌታዬ፣ ዕዳው በአጣቢው ላይ ከሆነ ከአባ ጋር አብረን እንክፈል። የእኔስ ቀላል ነው፤ በአንድ ስልቻ ኖራ ይደፈናል» አላቸው።