የታኤሲስ ፊት

የሥዕሉ ሰም ሳይረጋ ሦስቱ ወንድማማቾች ተጣሉበት።

ግብፅ ለሮማ በምትገብርበት ዘመን ነው፤ በረሃ ዳር ባለች መንደር። እናታቸው ታኤሲስ ሞታ፣ ተገንዛ ከቤት ተኝታለች። የዚያ አገር ሰው ሲሞት መልኩ በሳንቃ ላይ ይሣልና ከመግነዙ ላይ፣ በፊቱ ቦታ ይደረግለታል። ሥዕሉን የሚያኖረው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሟቹ ፊት የሰጠው። ሌላው ሁሉ ይወጣል። እሱ ብቻውን ከሟቹ ጋር ይቀራል፣ የልቡን ይነግረዋል። ከዚያ ወዲያ መቃብር ነው።

ታኤሲስ በሕይወቷ አልተሣለችም። ሁለቱ ልጆቿ በልጅነታቸው ከቤት ወጥተው መልኳ ጠፍቶባቸዋል።

ታላቁ ፓኬቢስ ጀልባ ቀዛፊ ነው። በዚያ አገር ሳንቃ ከየት ይመጣል? የጀልባውን ወለል ነቅሎ፣ ተሸክሞ በእግሩ መጣ። ጀልባው ከዚያ ወዲያ ውኃ አልነካም።

መካከለኛው ሄሮን ሠዓሊ ነው። ከተማ የገዢውን ሚስት መልክ ጀምሮ ነበር። ጅምሩን ትቶ መጣ፤ ከእንግዲህ ያንን ደጅ አይረግጥም። ቀለሙን ከሰም ጋር አቅልጦ ሣለ።

ትንሹ ኦርሴስ ዓይነ ስውር ነው። ከእናቱ ተለይቶ አያውቅም። ስትታመም ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ፊቷን ያጥባት ነበር። ጣቶቹ የሚያውቁትን ለሄሮን ነገረው።

«ግንባሯ ሰፊ ነው። ጉንጯ ጎድጎድ ይላል። ጠባሳ አላት፤ በቀኝ በኩል፣ በቀኝ እጄ የማገኘው።»

ሄሮንም ጠባሳውን በቀኝ ጉንጯ ላይ አደረገው።

«ሳንቃው የኔ ነው» አለ ፓኬቢስ። «ያለሱ በአየር ላይ ልትሥል ኖሯል?»

«ሳንቃማ ሳንቃ ነው። እናት ያደረገው የኔ እጅ ነው» አለ ሄሮን። ወደ ኦርሴስ ዞረና፣ «አንተ ደግሞ፣ ያላየኸውን ፊት ነው የኔ የምትል?» አለው።

«ዓይን ያለህ አንተ፣ ስንቴ መጥተህ አየሃት?»

ሄሮን ፊቱን ወደ ሥዕሉ መለሰ።

አባትየው ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሥዕሉን አየው። የታኤሲስ ጠባሳ በግራ ጉንጯ ነበር። ፊት ለፊት ለሚያጥባት፣ የሱ ቀኝ የሷ ግራ ነው። ይህን የሚያውቅ አባትየው ብቻ ቀርቷል። ሰሙ ረግቷል፤ ሌላ ሳንቃም የለም። እሱም ቢሆን ለሚስቱ የሚነግራት ነበረው፤ የጠየቀው የለም።

ፓኬቢስ ወደሱ ቀረበ።

«አባባ፣ ቀባሪዎቹ ደጅ ቆመዋል። አንተ በል እንጂ፤ ከእናታችን ጋር ማን ይቅር?»