ትርንጎ የምትቀመጥበት አጣች

ይህን ያጫወተችኝ አጥር የምትጋራኝ እትዬ ከድጃ ናት። ለእሷ የነገራት ጋሽ እንድሪስ ራሱ ነው። ገጣሚ ነውና ትንሽ ሳይቀባባው አይቀርም፤ እኔ እንደሆንኩ የሰማሁትን ነው።

ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ የግጥም መጽሐፍ ብቻ የምታትም አንዲት ጠባብ ቤት ነበረች። ትርንጎ ትምህርቷን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት እዚያ ለሥራ ልምምድ ተላከች። ባለቤቱ ጋሽ በሪሁን በሩ ላይ ተቀበላትና፣ “የዚህ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ እስክንዘጋ መቀመጫዋን ያላገኘች ነገ አትመጣም” ብሎ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። ተቀመጪ ግን አላላትም። ትርንጎ ደግሞ የእናቷ ልጅ ናት፤ ሰው ቤት ገብታ ተቀመጪ ሳትባል አትቀመጥም። እናቷስ ብትሉ “ልጄ ማተሚያ ቤት ገባች” ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። ነገ ብትቀር ምን ሊባል ነው?

ቤቱ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው። ትርንጎ ጠጋ ብላ፣ “ወንበር፣ እባክህ አስቀምጠኝ” አለችው።

“እኔ ምን ቸገረኝ! ወረቀት ተከምሮብኝ አታዪም እንዴ?” አለ ወንበር።

ወደ ወረቀቱ ዞረች። “ወረቀት፣ ከወንበሩ ተነሳ፤ ወንበር ያስቀምጠኝ።”

“ሳይሰፉኝ ብነሳ እበተናለሁ። ለክሩ ንገሪው” አለ ወረቀት።

“ክር፣ ወረቀቱን ስፋ፤ ወረቀት ከወንበሩ ይነሳ፤ ወንበር ያስቀምጠኝ።”

“ሰም ሳልቀባ? መሀል ላይ ብበጠስ ውርደቱን አንቺ ትችይልኛለሽ?” አለ ክር።

“ሰም፣ ክሩን ቅባ፤ ክር ወረቀቱን ይስፋ፤ ወረቀት ከወንበሩ ይነሳ፤ ወንበር ያስቀምጠኝ።”

“ብርዱ ድንጋይ አድርጎኝ የለ! መጀመሪያ ፀሐይ ታሙቀኝ” አለ ሰም።

ትርንጎ አንገቷን በመስኮት አወጣች። “ፀሐይ፣ ሰሙን አሙቂ፤ ሰም ክሩን ይቅባ፤ ክር ወረቀቱን ይስፋ፤ ወረቀት ከወንበሩ ይነሳ፤ ወንበር ያስቀምጠኝ።”

“የት ሆኜ ላሙቀው የኔ እመቤት? ደመናው ፊቴ ላይ ተኝቷል” አለች ፀሐይ፣ ድምጿ ብቻ።

እውነትም ደመናው ከጦሳ ወርዶ ጣሪያው ላይ ተጋድሟል። በመስኮቱም ቀስ እያለ ገባ። ማሽኑ ከሩቅ እንዳለ ወንዝ ይሰማል፤ ግድግዳው የለም፤ ትርንጎ እጇን ብትዘረጋ እጇን አጣችው። ደስም አላት፣ ፈራችም። ለነጩ ነገር በሹክሹክታ ተናገረች።

“ደመና፣ ከፀሐይ ላይ ተነሳ፤ ፀሐይ ሰሙን ታሙቅ፤ ሰም ክሩን ይቅባ፤ ክር ወረቀቱን ይስፋ፤ ወረቀት ከወንበሩ ይነሳ፤ ወንበር ያስቀምጠኝ።”

“እሽሽ፣ ዝም በይ፣ እየሰማሁ ነው” አለ ደመና። “ደጁ ላይ ያለው ገጣሚ ከጠዋት ጀምሮ ‘ያልተነገረ ቃል ደመና ነው ሲከብድ’ ይልና ጭጭ ይላል። ስለ እኔ ጀምሮ ማለቂያዋን ሳልሰማ ወዴት ልሂድ?”

ትርንጎ እየዳበሰች ወጣች። ገጣሚው ጋሽ እንድሪስ በረንዳው ጫፍ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ቁጭ ብሏል።

“ጋሽ እንድሪስ፣ በሞቴ ግጥሙን ይጨርሱት፤ ደመና ከፀሐይ ላይ ይነሳ፤ ፀሐይ ሰሙን ታሙቅ፤ ሰም ክሩን ይቅባ፤ ክር ወረቀቱን ይስፋ፤ ወረቀት ከወንበሩ ይነሳ፤ ወንበር ያስቀምጠኝ!”

“ወይ ጉድ! ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ?” አለ ጋሽ እንድሪስ። “ግን ልጄ፣ ለቆመ ሰው ግጥም አይነገርም። የቆመ ሰው ልቡ መንገድ ላይ ነው። ቁጭ በይና ልጨርስልሽ።”

“ምን ላይ ልቀመጥ ጋሼ? መቀመጫ ፍለጋ አይደል እንዲህ የምንከራተተው!”

“እሱን እንግዲህ እኔ ምን አውቄ።”

ከጠዋት ጀምራ የጠበቀቻት የ“ተቀመጪ” ቃል ይኸው ተባለችላት፤ ወንበሩ ግን የለም። ቀሚሷ አዲስ፣ ደጁ ጭቃ። ከውስጥ ጋሽ በሪሁን ቁልፉን ሲያንሿሿ ተሰማ። ትርንጎ “እማዬ ይቅር በይኝ” አለችና መሬቱ ላይ ዘፍ አለች።

ጋሽ እንድሪስ አያት። ዓይኑን ጨፈነ።

“ያልተነገረ ቃል ደመና ነው ሲከብድ፣
ሰሚ ሲያገኝ ጊዜ ይቀላል ለመሄድ።”

ግጥሙ አለቀ፤ ደመና ከፀሐይ ላይ ተነሳ፤ ፀሐይ ሰሙን አሞቀች፤ ሰም ክሩን ቀባ፤ ክር ወረቀቱን ሰፋ፤ ወረቀት ከወንበሩ ተነሳ። ጋሽ በሪሁን ሊዘጋ ብቅ ቢል ልጅቱን ጭቃ ላይ አገኛት።

“ምነው እዚህ? ወንበርሽ ባዶውን ይጠብቅሻል እኮ” አላት። “ነይ ግቢ፣ ተቀመጪ።”

ደመናው በኮምቦልቻ በኩል ሄደ። ሰሙ አለቀ፣ ክሩም አለቀ። ወረቀቱ መጽሐፍ ሆነ። ጋሽ እንድሪስ ሌላ ግጥም ጀምሮ ጭጭ ብሏል። ቀሚሱ ታጠበ፣ ጭቃው ግን አልለቀቀም። ትርንጎ በማግስቱ መጣች።