የዘርፌ ግጥምና የጥርሱ ሽቦ

በአንድ ወቅት በደሴ ከተማ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች፤ በሳቀች ቁጥር አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ይህን ያስለመዳት የባሏ እህት ዘርፌ ናት። በትርንጎ ሠርግ፣ ሙሽራ በጥርሷ በምትወደስበት ሰዓት፣ ዘርፌ ተነስታ እንዲህ ገጠመች፦

ላወድስሽ ብዬ ብመጣ ከደጅሽ፣
ጥርስሽ ተቀበለኝ ቀድሞ ከከንፈርሽ።

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ትርንጎ ያንን ሳቅ ሃያ ዓመት በሆዷ ይዛ ኖረች።

አንድ ቀን አንድ የጥርስ ሐኪም ጠራት። እናቱን አስታማለት ነበር። «ከቤተሰብሽ ለአንድ ሰው የጥርስ ሽቦ በነጻ አስራለሁ፤ ከአንድ በላይ ግን አልችልም። ሰኞ ጠዋት ይዘሽ ነይ» አላት።

«እኔስ? በአርባ አምስት ዓመቴ ይሆናል?»

«ዕድሜ አይከለክልም። የልጅ ጥርስ ቶሎ ይታዘዛል፣ የአዋቂ ይዘገያል እንጂ።»

ትርንጎ ሽቦውን ለራሷ ልታደርገው ቆረጠች። ከሦስት ዓመት በኋላ የዘርፌ ወንድ ልጅ ያገባል። ያኔ ድንኳኑ መሐል ቆማ፣ ነጠላዋን ጥላ፣ ዘርፌ ዓይን ሥር ልትስቅ ነው። ይህን ባሰበች ቁጥር አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል።

ነገር ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ሶስና የእናቷን ጥርስ ወርሳለች። ግጥሙም አልቀረላትም፤ የዘርፌ ሴት ልጅ ናርዶስ ትምህርት ቤት ውስጥ ትዘፍንባታለች። አንድ ቀን ሶስና በቃኝ አለችና ናርዶስን በጠረባ ደረጃው ላይ ጣለቻት። የናርዶስ የፊት ጥርሶች ወደ ውስጥ ተጣመሙ፤ እንጀራ ማኘክ እንኳ ፈተና ሆነባት።

«እማዬ፣ አንቺ ሃያ ዓመት ችለሽዋል» አለች ሶስና። «እኔ አንድ ዓመት እንኳ አልቻልኩም። ለእኔ ይሁን።»

የነጻው ሽቦ ወሬ ዘርፌ ጆሮ ደረሰ። እሁድ ዕለት ናርዶስን አስከትላ፣ ጫንቃዋ ላይ ድንጋይ ተሸክማ፣ ትርንጎ ደጅ ለይቅርታ ቆመች። ድንጋዩ የሚወርደው የተበደለችው «አውርጂ» ስትል ነው። ትርንጎ ምስሯን ለቅማ እስክትጨርስ አቆመቻት።

«ናርዶስም ቤተሰብሽ ናት፣ የባልሽ ሥጋ» አለች ዘርፌ።

«መጀመሪያ ግጥምሽን በይልኝ።»

ዘርፌ ጎንበስ እንዳለች ጀመረች፤ መሐል ላይ ድምጿ ተቆረጠ። የጨረሰችው ናርዶስ ናት፣ በተጣመመ ጥርሷ እየተኮላተፈች። ማንም አልሳቀም። ትርንጎን ግን ጣፈጣት፤ አልዋሽም፣ በጣም ጣፈጣት። ከዚያ «አውርጂ» አለች።

ሰኞ ጠዋት ትርንጎ፣ ሶስናና ናርዶስ ከሐኪሙ በር ፊት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ «ማን ትግባ?» አለ።

ትርንጎ ነጠላዋን ከአፏ አነሳች፤ ሁለቱም ልጆች አፏን አፏን አዩ።

እንግዲህ ፍረዱ፦ ሃያ ዓመት አፏን ሸፍና የኖረችው? በወረሰችው ጥርስ ተሰድባ የሰው ጥርስ ያጣመመችው? ወይስ ሰድባ ማኘክ ያቃታት? ሽቦው ለማን ይገባል?